መልሕቅ የነበረ ሳይክል

ባሕር ዳር ውስጥ «ሳይክል አለኝ» ብሎ መኩራት «እግር አለኝ» ብሎ እንደ መኩራት ነው። ተማሪው በሳይክል ነው፣ አናጢው መሰላሉን ተሸክሞ በሳይክል ነው፣ ዶሮ ሻጩ ዶሮዎቹን ቁልቁል አንጠልጥሎ በሳይክል ነው። አንድ ቀን ከሱቄ በር ላይ ቁም ሣጥን በሳይክል ሲያልፍ አይቻለሁ። ነጂው ከኋላው ስለተሸፈነ ቁም ሣጥኑ ብቻውን የሚሄድ መስሎኝ ምላጩን ከደንበኛዬ ጆሮ ላይ ለማንሣት ዘገየሁ። (ደንበኛዬ ይቅር ብሎኛል፤ ጆሮውም አለ።) እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ በሳይክሌ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ ስላችሁ ወይ እብድ ነኝ፣ ወይ ምክንያት አለኝ። ሚስቴ ዘሀራ ሁለቱም ነው ትላለች።

ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ፀጉር አስተካካይ ሲያወራ ሰው ጥሎት አይሄድም፤ ግማሽ ራሱን ይዞ የት ይደርሳል? እናንተ ግን ጥላችሁኝ መሄድ ስለምትችሉ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

አንድ ሕመም አለብኝ። በስልኬ አሮጌ ሳይክል ሲታደስ የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት እወዳለሁ። አንድ ሰው የተዝረከረከ ዝገት ያመጣል፣ ይፈታል፣ ያሻል፣ ይገጥማል፣ በመጨረሻ ሳይክሉ እንደ ሙሽራ ተኩሎ ይወጣል። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። «የሰው ባል ኳስ ያያል፣ የእኔው ዝገት ሲፋቅ ያያል» ትላለች ዘሀራ። ከነዚያ ቪዲዮዎች የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ቲታኒየም የሚባል፣ አውሮፕላን የሚሠራበት ብረት መኖሩን ነው። አይዝግም፣ አይከብድም፣ ቶሎም አይሰበርም። ድሮ የተራራ ሳይክል ከእሱ ይሠሩ ነበር፤ ያንን ያገኘ ሰው ዛሬም ልጁን እንደዳረ ሰው ይስቃል።

ሁለተኛው ሕመሜ ደግሞ የጀመርሁትን አለመጨረስ ነው። ግቢዬ ብትገቡ ሦስት ግድግዳ ያለው የዶሮ ቤት ታያላችሁ። ዶሮዎቹ አራተኛውን ሲጠብቁ ቆይተው ተስፋ ሲቆርጡ ጎረቤት ቤት ገቡ። የውኃ ታንከር ማስቀመጫ አለ፤ ታንከሩ ግን መሬት ላይ ነው። ይኼን ሁሉ በየዓመቱ የሚመረምሩት የዘሀራ አባት፣ አማቴ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የወረታ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ለዒድ እኛ ቤት ይመጣሉ። ገና ከበር ሲገቡ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ዶሮ ቤቱን አየት ያደርጉና «ዘንድሮም?» ይላሉ። በቃ፣ እሷ ብቻ ናት። ከሰው ጋር ሲያስተዋውቁኝም ስሜን ጠርተው አያውቁም፤ «የዘሀራ ባል ነው» ነው የሚሉት። ሰው ያዋሳቸውን ዕቃ የሚያሳዩ ነው የሚመስሉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቃጥለኝ ነበር። ከእኚህ ሰውዬ አፍ አንድ ቀን «ጎበዝ» የምትል ቃል ብትወጣልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም እል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጣና ዳር ባለችው ደልጊ ነው። ለዘመድ ለቅሶ ሄጄ፣ መመለሻ ጀልባ እስኪመጣ ሐይቁ ዳር እጠብቃለሁ። አጠገቤ ጌትነት የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ይጎትትና መልሕቁን ከውኃው ያወጣል። ሲያወጣው ይሳደባል። መልሕቁን ነው የሚሳደበው። አየሁት። ጭቃ የለበሰ፣ ሁለት ድንጋይ በገመድ የታሰረበት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቱቦ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልሁት።

«መልሕቅ ነው ተብሎ እርግማን ነው» አለኝ። «ውኃ ውስጥ ስትጥለው አርፎ አይቀመጥም። ነፋስ ሲመጣ እሱም አብሮ ይሄዳል። ድንጋይ አስረንበት ነው እንጂ ብቻውንማ ምን ይረባል!»

ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ግራጫ ነው። ዝገት የሚባል የለበትም። «ውኃ ውስጥ ብዙ ቆየ?» ስለው «ልጄ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ነው፤ ልጄ አሁን ጢም አብቅሏል» አለኝ። ድንጋዮቹን ፈታሁና በአንድ እጄ አነሣሁት። ወላሂ፣ ባዶ ቅርጫት ያነሣሁ ነው የመሰለኝ። የሳይክል ቴላዮ ነው፤ ጎማው፣ መሪው፣ ፔዳሉ ሁሉ ሲነቀል የሚቀረው አጥንቱ። ቲታኒየም!

ጌትነት ታሪኩን ነገረኝ። በአባቱ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ጣናን በሳይክል እዞራለሁ ብሎ መጣና ደልጊ ሲደርስ ሆዱን አሞት በመኪና ተመለሰ። ሳይክሉን ለአስታመሙት ለጌትነት አባት ተወላቸው። ጎማዎቹ የእጅ ጋሪ ሆኑ። መሪው የበር እጀታ ሆነ። በካቴናው ውሻ ታሰረበት። ለቴላዮው ግን ሥራ ታጣለትና ውኃ ውስጥ ተጣለ።

«ሽጥልኝ» አልሁት።

«አልሸጥልህም» አለ ጌትነት ቆጣ ብሎ። «ሰው አታለለ ልታሰኘኝ ነው? አይረባም እያልሁህ!»

«አውቄ ነው የምገዛህ።»

«ጀልባህ ነፋስ ሲወስደው መጥተህ ልትከሰኝ?»

ጀልባ እንደሌለኝ ብምልለትም አላመነኝም። ጀልባ የሌለው ሰው መልሕቅ ምን ያደርግለታል? በመጨረሻ «ከባድ ብረት አምጣልኝና ውሰደው፤ ያን ጊዜ ኅሊናዬ አይወቅሰኝም» አለኝ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ከተጣሉት ብረቶች ሁሉ የከበደውን ለመንሁና በዚያ ፀሐይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ አመጣሁለት። ጌትነት ብረቱን አነሣው፣ አቃሰተ፣ ፊቱ በራ። «ይኼ ነው መልሕቅ!» አለ። ሁለታችንም አንዱ አንዱን ያሞኘው እየመሰለን ተለያየን።

ቤት ስገባ ዘሀራ በር ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው?»

«ሳይክል።»

«የቱ ጋ?»

አስረዳኋት። የቪዲዮውን፣ የአውሮፕላኑን፣ የማይዝገውን ሁሉ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «እሺ፣ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ አስቀምጠው፤ ይጫወቱ» አለች። ቀጥላ ግን ድምጿ ተለወጠ። «ስማኝ፤ አባቴ ግቢው ውስጥ ሌላ የተጀመረ ነገር እንዲያይ አልፈልግም። አንተን ሲያይህ እኔ ነኝ የማፍረው። ለዒድ ሲመጣ ይኼ ነገር በሁለት ጎማ ካልቆመ ቁራሌውን እጠራለሁ።» ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ነው። ዘሀራ ስትቀልድና ስትምር ለይቼ አውቃለሁ፤ ይኼ ምሯን ነው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ቴላዮውን ሱቄ ወሰድሁና መስታወቱ አጠገብ ሰቀልሁት። ጣጣው ወዲያው ጀመረ። የኮርቻው ዘንግ ቱቦው ውስጥ እንደገባ ተጣብቆ ቀርቷል። እሱ ካልወጣ ኮርቻ የለም፣ ኮርቻ ከሌለ ሳይክል የለም። ከሱቄ አጠገብ ሳይክል የሚጠግነው ጓደኛዬ ደምሴ መጣና ዙሪያውን አየው። ደምሴ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያለው።

«መዶሻ» አለ።

«አይሆንም!»

«እሳትስ?»

«ደምሴ፣ ወንድሜ፣ ተወው!»

ከዚያ ወዲያ የገባው ደንበኛ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ላምባ አጠጣው ይላል፣ ሌላው ለስላሳ አፍስስበት ይላል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዐይን በልቶት ይሆናል አሉ። እኔ ያለኝ የፀጉር ማሽኔን የማለሰልስበት ቀጭን ዘይት ነው። እሷን አንድ ራስ ስጨርስ ለማሽኑ ጠብ አደርግና ለቴላዮውም ጠብ አደርግለታለሁ። ደንበኞቼ ለምደውት «ለሳይክሉም ስጠው እንጂ» ይሉኝ ጀመር።

አንድ ረፋድ ጋሼ ይበልጣልን እየቆረጥሁ ነው። ጋሼ ይበልጣል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ስብሰባ ስላለባቸው ቶሎ በል ብለውኛል። ግራ በኩላቸውን ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር ደምሴ ከጎረቤት ብረታ ብረት ቤት «ተነቃነቀ!» ብሎ ጮኸ። ለካ እኔን ሳያስፈቅድ ቴላዮውን ወስዶ፣ የዘንጉን ጫፍ ሞርሳ በሚባለው የብረት መንጋጋ ላይ ጠፍሮ አስሮታል። ማሽኑን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ጋሼ ይበልጣልም ጨርቁን አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ፀጉራቸው በአንድ በኩል ብቻ ጎፍሮ ተከተሉኝ። ዘንጉ እንደ ተያዘ ቴላዮውን ራሱን እንደ መሪ ጨብጠን ልናዞረው ነው። እኔ በአንድ ወገን፣ ደምሴ በሌላው፣ ጋሼ ይበልጣል መሐል ገብተው።

«በሉ!» አለ ደምሴ።

ጎተትን። ጮኸ። ደግመን ጎተትን። ድንገት ቧ! አለና ሦስታችንም በጀርባችን ተዘረርን። ደረቴ ላይ ቴላዮው አለ፤ ዘንጉ ሞርሳው ላይ ቀርቷል። አቤት የዚያን ቀን ደስታ! ጋሼ ይበልጣል ከሁላችንም በላይ ጮኹ፣ አቀፉኝ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ «ስብሰባው!» አሉና ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገቡ። ራሳቸው ግማሽ መሆኑን ያስታወስሁት ባጃጁ ከተጠመዘዘ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አንዲት ቃል ሳልናገር ቀኙን ጨረስሁላቸው። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስቆርጥ ዝም ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የቀለም ነው። በእኛ አገር ሳይክል ካልተቀባ እርቃኑን ነው። ደምሴ እኔ ዙሁር ሰግጄ እስክመለስ አንዱን ቱቦ አረንጓዴ ቀብቶ፣ ቢጫ መስመር አስምሮ ጠበቀኝ። ስጦታዬ ነው ብሎ ሲስቅ አንጀቴ ተቃጠለ። በማግሥቱ ጥፍሬን አስጠግቼ ጫር ባደርገው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ ወደቀ። ደምሴ ተቀየመ። «ቀለም እንኳ የማይቀበል ብረት! ምን ዓይነት ትዕቢተኛ ነው?» አለ። እኔ ግን አልሐምዱሊላህ ብዬ የዘሀራን የድስት መፋቂያ ሁሉ ከቤት አወጣሁና ሳሸው ሰነበትሁ። ዘሀራ ድስቷን በአሸዋ አጠበች፤ የተናገረችውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ከአንድ የተጋጨ ሳይክል፣ ጎማዎቹን ከቅዳሜ ገበያ፣ መሪውን ከደምሴ ክምር አገኘሁ። አንዱ ሲገጥም ሌላው አልገጥም ይላል፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል። በጾም አፌ ደርቆ፣ እጄ ግራሶ ለብሶ፣ «ተወው፣ ዶሮ ቤቱንስ ትተኸው የለ?» የሚል ሐሳብ ስንቴ መጣብኝ! እንደዚህ ያለ ቀን ሲመጣ የሐጂ «ዘንድሮም?» ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች። እልህ ይዞኝ እነሣለሁ።

የዒድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሳይክሉን እየገፋሁ ግቢ ገባሁ። ዘሀራ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ዞረችው። ፔዳሉን በእግሯ አዞረችው፤ ካቴናው ሹር ሹር እያለ ዞረ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«የቀረ የለም? ብሎን፣ ምናምን?»

«ምንም።»

ዐይኗ እንባ አቀረረ። አሁን ብትጠየቅ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር ትላለች። ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ «ባሌ የሠራው ነው» አለቻቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሐጂ ማምሻውን ደረሱ። ዶሮ ቤቱን አዩ፣ «ዘንድሮም?» አሉ። ከዚያ ሳይክሉን አዩት። የእህል ነጋዴ ዕቃ በዐይኑ አይገዛም። እጁን ጆንያ ውስጥ ሰዶ ያፍሳል፣ ከፍ አድርጎ ይመዝናል፤ የቀለለው እህል ፍሬ አልያዘም ማለት ነው። ሐጂም ሳይክሉን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት። ያለ ምንም ችግር ተነሣላቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ስጠብቅ ፊታቸው ጨለመ።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ሐጂ፣ ቅለቱ እኮ ነው ደጉ! አውሮፕላን የሚሠራበት ብረት…»

«አውሮፕላን ሰማይ ላይ ነው ያለው፤ እሱ ይቅለል። ሰው የሚቀመጥበት ነገር ሊከብድ ይገባዋል።» ወደ ዘሀራ ዞሩ። «መጨረሱንስ ጨረሰ። ምን ያደርጋል፣ ገለባ ነው።»

በዚያ ሁሉ ልፋቴ ላይ ገለባ! ኢፍጣሩ አልዋጥልህ አለኝ። ዘሀራ ሾርባዬ ላይ ሎሚ ጨምቃ «ተወው፣ እሱ እንዲህ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። እንዴት ነው የምተወው?

በማግሥቱ ዒድ ነው። ዘሀራ ከሴቶቹ ጋር በጠዋት ወጣች። እኔና ሐጂ እንደ ወትሮው በባጃጅ ልንሄድ ነበር። መንገድ ስንወጣ ግን ለሕዝቡ ብዛት ሲባል ለተሽከርካሪ ተዘግቷል፤ ባጃጅ የሚባል ዘር የለም። ሰዉ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ «አላሁ አክበር» የሚለውን ተክቢራ እያሰማ በእግሩ ይጎርፋል። የሐጂ ጉልበት ደግሞ ታማሚ ነው፤ ከሐጂ ሰውነት ጋር ሲሆን የባሰ ነው፤ ሐጂ ስስ ሰው አይደሉም። ጥቂት ሄዱና አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ሂድ አንተ» አሉኝ። «የዒድ ሰላት አምልጦኝ አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ አመለጠኝ።» ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቂሜን ሁሉ ረሳሁት።

ወደ ቤት ሮጬ ሳይክሉን አመጣሁ። «ሐጂ፣ ይቀመጡ።»

«የት?»

ኋላው ላይ መጫኛ የለውም። «እዚህ ቴላዮው ላይ፣ በጎን።»

«ባዶው ላይ!»

ግራ ቀኝ አዩ። ሰዉ እየነጎደ ነው። መስገጃቸውን አጥፈው ቱቦው ላይ አኖሩ፣ «ያ ረቢ አንተ ታውቃለህ» አሉና ተቀመጡ። አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። በነዚያ ቪዲዮዎች ውስጥ ሳይክሉን የሚሞክሩት ሁሉ ቀጫጭን ሰዎች ናቸው፤ የወረታ እህል ነጋዴ ጭኖ የሞከረ አንድም አላየሁም።

«በውስጥ ለውስጥ ሂድ» አሉኝ። ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «የሚያውቀኝ ሰው በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ በጎን ተቀምጬ እንዳያየኝ።»

በቅያሱ ገባሁ። ኮብልስቶኑ ይንጠናል፤ የሐጂ ጥምጥም አፍንጫዬ ሥር ነው፤ መንገዱን የማየው በብብታቸው ሥር ነው። እሳቸው ተክቢራ ይላሉ፣ እኔ ትንፋሽ ሳገኝ እቀበላለሁ። አንድ ጉድጓድ ነበር፤ ዝናቡ ቆፍሮት ውኃ ሞልቶበታል። ሳላየው ዘው አልሁበት። ሐጂ «አላህ!» ብለው አንገቴን አነቁ። ከሥራችን የሚሰበር ነገር እጠብቃለሁ። ጭጭ። ቴላዮው እንኳን ሊሰበር፣ ሲጥ አላለም። ጉድጓዱን ወጥተን መንዳቴን ቀጠልሁ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱና ቱቦውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ሰልፉ ሲስተካከል ደረስን፤ ከኢማሙ ጀርባ ባይሆንም ሰላቱ አላመለጣቸውም።

ሰላቱ ሲያልቅ ሰው እርስ በርሱ ይተቃቀፋል። መንገዱ ተከፍቷል። አቶ ሰዒድ የሚባሉ የሐጂ የድሮ ጓደኛ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የከበሩ ነጋዴ፣ በነጭ መኪናቸው አጠገባችን መጥተው ቆሙ።

«ዒድ ሙባረክ! ግባ እንጂ አንተ ሰው፤ በዚያ ጉልበትህ ልትሄድ ነው?» አሉና በሩን ከፈቱላቸው። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ማቀዝቀዣው እኔ ጋ ድረስ ነፈሰ። እኔም ሳይክሌን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸት አልሁ።

ሐጂ መኪናውን አዩት። ሳይክሉንም አዩት።

«አይ፣ አንተ ሂድ» አሉ። «እኔን ልጄ ያደርሰኛል።»

«የትኛው ልጅህ?» አቶ ሰዒድ ዙሪያቸውን ፈለጉ።

ሐጂ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት ጎተቱኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጠሩት። በአሥራ ምናምን ዓመት የአማችነት ዘመኔ የአባቴን ስም እንደሚያውቁት እንኳ አላውቅም ነበር። «ሳይክል ይሠራል» አሉ። «ከውኃ ውስጥ አውጥቶ ነው የሠራው። እኔን ያህል ሰው ጭኖ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ ነው።»

አቶ ሰዒድ የመለሱትን አልሰማሁም። ጎንበስ ብዬ ደህናውን ጎማ እየነካካሁ አየር የጎደለው አስመሰልሁ። ሐጂ መስገጃቸውን አጥፈው ቱቦው ላይ አኖሩና ሳይጋበዙ ወጡ። እኔም ወጣሁና በመጣንበት ቅያስ ልግባ ብዬ መሪውን ጠመዘዝሁ። ሐጂ መሪውን በትልቅ እጃቸው ያዙና አቀኑት።

«ወዴት ነው? በዋናው መንገድ ሂድ እንጂ» አሉኝ፣ ፎጣቸውን ከራሳቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ እያደረጉ። «ደግሞ አትፍጠን፤ ሰዉ በደንብ ይየን።»